የኤክስሬይ ቱቦ ታርጌት፦ ከተንግስተን የተሻለ ብረት ይገኝ ይሆን?

ጥያቄው የመጣው ከሐረር ነው። ጠያቂዋ ራዲዮግራፈር ናት። እንዲህ ትላለች፦ «ጤና ይስጥልኝ። ኮሌጅ እያለን ወደ ኤክስሬይ ቱቦ ከሚገባው ጉልበት 99 በመቶው ሙቀት ሆኖ ይቀራል፣ ኤክስሬይ የሚሆነው 1 በመቶው ብቻ ነው ብለው አስተምረውናል። ኤክስሬይ ከተገኘ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። እስከ ዛሬ ይህን ማሻሻል ለምን አልተቻለም? ኤሌክትሮኖቹ የሚመቱት ብረት፣ ታርጌቱ፣ ከተንግስተን ይልቅ ከወርቅ ወይም ከሌላ ከባድ ብረት ቢሠራስ? ቱቦ በተቃጠለ ቁጥር ወራት ስለምንጠብቅ ነገሩ ያንገበግበኛል።»

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ድሬዳዋ ነኝ። የሕክምና መሣሪያ ጥገና ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አንቺን ያንገበገበሽ ነገር እኔንም ሲያንገበግበኝ ኖሯል። ስለዚህ በአጭሩ መልሼ አላልፍም።

መጀመሪያ ቁርጡን ልንገርሽ። ብረቱን በመቀየር ያቺን 1 በመቶ 2 በመቶ ማድረግ አይቻልም። ለምርመራ በምንጠቀምበት ቮልቴጅ ተፈጥሮ ራሷ አትፈቅድም። ታርጌቱ ላይ ግን ብዙ ተሠርቷል። መሐንዲሶቹ ሙቀቱን ማጥፋት እንደማይቻል ቶሎ ገብቷቸው፣ ሙቀቱን የሚችል ታርጌት ለመሥራት ነው ዕድሜ ልካቸውን የለፉት። ይህ ከገባሽ የቱቦሽ ዕድሜ ምን ያህል በአንቺ ጣት ላይ እንዳለ ታያለሽ።

ኤሌክትሮኑ ምን እንደሚገጥመው ላሳይሽ። በ80 ኪሎቮልት ከካቶድ (ኤሌክትሮን ከሚለቀው የጋለ ክር) የተነሳ ኤሌክትሮን ታርጌቱ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ የብርሃንን ግማሽ ያህላል። በሰከንድ 150,000 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ተንግስተኑ ውስጥ ግን ጥቂት ማይክሮሜትር ገብቶ ይቆማል። ከፀጉር ውፍረት በጣም ያነሰ ነው። በዚያች አጭር መንገድ ምን ያገኘዋል? ቅዳሜ ጠዋት ድሬ መጥተሽ ቀፊራ ገበያ መሐል ለመሮጥ ብትሞክሪ አስቢው። የአንዱን ትከሻ ትገጫለሽ። የሌላዋን ዘንቢል ትገፊያለሽ። በትንሽ በትንሹ ጉልበትሽ ያልቅና ትቆሚያለሽ። የኤሌክትሮኑም ዕጣ በአብዛኛው ይኸው ነው። ከአቶሞቹ ኤሌክትሮኖች ጋር እየተገፋፋ ጉልበቱን ይበትናል። ያ ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው።

አልፎ አልፎ ግን አንዱ ወደ ኒውክለሱ፣ ወደ አቶሙ እምብርት፣ በጣም ተጠግቶ ያልፋል። ኒውክለሱ ስቦ ድንገት ያጣምመዋል። በዚያ መታጠፊያ ላይ ነው ኤክስሬይ የሚወለደው። የኒውክለሱ ቻርጅ በበዛ ቁጥር ስበቱ ይበረታል፤ ኤክስሬዩም ይጨምራል። አንቺ ወርቅን ያሰብሽው ለዚህ ይመስለኛል፤ አስተሳሰብሽ ትክክል ነው። የሚያሳዝነው ግን ቁጥሩ ነው።

ቀላል የስሌት ዘዴ አለ። የብረቱን አቶሚክ ቁጥር በኪሎቮልቱ አባዢው፣ ከዚያ ለ1 ሚሊዮን አካፍዪው። ምን ያህሉ ኤክስሬይ እንደሚሆን ግምቱን ይሰጥሻል። ተንግስተን 74 ነው። በ80 ኪሎቮልት 5,920 ይመጣል። 0.6 በመቶ ገደማ ማለት ነው። የተማርሽው 1 በመቶ ራሱ በልግስና የተነገረ ነበር። ወርቅ 79 ነው። በዚያው ቮልቴጅ 0.63 በመቶ ይሆናል። ዩራኒየም 92 ነው፤ እሱም ቢሆን 0.74 በመቶ ላይ ይቆማል። ከዚያ በላይ የሚሄድ፣ ከተፈጥሮ የሚገኝ ብረት የለም ማለት ይቻላል። የተፈጥሮ ሰንጠረዥ እዚያ ያልቃል።

አሁን ሌላውን ጎን ተመልከቺ። ተንግስተን የሚቀልጠው በ3,422 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ወርቅ በ1,064 ይቀልጣል። ዩራኒየም በ1,132። እርሳስማ 327 ላይ ይፈሳል። ከወርቅ የምታገኚው ትርፍ ከ7 በመቶ አይበልጥም፤ እሱም ያው ከትንሿ 0.6 ላይ የሚጨመር ነው። በልዋጩ የሙቀት አቅምሽን ከሁለት ሦስተኛ በላይ ታጫለሽ። ለተንግስተን አቶሚክ ቁጥርም መቅለጫም ከሚቀርቡት አንዱ ሬኒየም ነው። ቁጥሩ 75፣ መቅለጫው 3,186 ዲግሪ። እሱ በጣም ውድ ነው። ቢሆንም ታርጌቱ ውስጥ ትልቅ ሥራ አለው፤ እመለስበታለሁ።

ከቁጥሩ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ የሚከተለው ነው። አንድ ተራ ፎቶ እንውሰድ። 80 ኪሎቮልት፣ 200 ሚሊአምፔር፣ 0.1 ሰከንድ። ሦስቱ ሲባዙ 1,600 ጁል ይመጣል። ይህ አንድ ስኒ ውኃ ቢሰጡት 5 ዲግሪ ገደማ ቢያሞቀው ነው። ምንም አይደለም። ግን ያለቀው በ0.1 ሰከንድ ነው። በዚያች ቅጽበት ቱቦው የሚወስደው ጉልበት 16 ኪሎዋት ነው። የእንጀራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። አራት አምስት ምጣድ ያለው ኃይል ሁሉ ከፊት ለፊት ሲታይ የጤፍ ፍሬ በምታህል ነጥብ ላይ ሲያርፍ አስቢው። ነጥቧ ለምን አትሰፋም እንዳትዪ። ከሰፋች ፎቶው ይደበዝዛል፤ ቀጭን የአጥንት ስንጥቅ አይታይም።

ከ1,600 ጁል ውስጥ ኤክስሬይ የሆነው 9.5 ጁል አካባቢ ነው። እሱም በየአቅጣጫው ይበተናል። ግማሽ ያህሉ ተመልሶ ወደ ታርጌቱ ይቀበራል። አንድ ሜትር ርቀት ላይ 35 በ43 ሴንቲ ሜትር ያለው ካሴት (ፎቶው የሚቀረጽበት ሰሌዳ) የሚሸፍነው ከዚያ ሁሉ 1 በመቶ ያህሉን ነው። ስለዚህ ወደ ታካሚው የሚያመራው 0.1 ጁል ገደማ ነው፤ እሱም የአልሙኒየሙ ፊልተር ሳይቀንስለት። ታርጌቱ ላይ 7 በመቶ ለማትረፍ ከምትጨነቂ፣ የደረሰችውን 0.1 ጁል ሳትባክን የምትቀበል ካሴት ወይም ዲቴክተር ይበልጥ ዋጋ አላት። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጡት፣ ካሴት ውስጥ ሆነው ኤክስሬይን ወደ ብርሃን የሚለውጡት የሬር ኧርዝ ስክሪኖች የሚያስፈልገውን ጨረር በግማሽና ከዚያ በላይ የቀነሱት አንድም ታርጌት ሳይነኩ ነው።

ታዲያ ታርጌቱ ላይ ምን ተሠራ? ጥንት፣ ሮንትገን ኤክስሬይን ካገኘበት ከ1895 በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ታርጌቱ ብዙ ጊዜ ፕላቲኒየም ነበር። 1,768 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ትንሽ ከተጫኑት ይበሳ ነበር። በአሜሪካ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ ይሠራ የነበረው ዊሊያም ኩሊጅ ተሰባሪውን ተንግስተን እንዲታጠፍና እንዲሳብ አድርጎ ማዘጋጀት ቻለ። ዋናው ዓላማ ለአምፖል ክር ነበር። በ1913 ግን ያንኑ ተንግስተን ለካቶዱም ለታርጌቱም ተጠቅሞ ዛሬ የምናውቀውን ቱቦ ሠራ። አንቺ ዛሬ ቁልፍ የምትጫኚበት ቱቦ የሱ የልጅ ልጅ ነው።

የጥርስ ኤክስሬይ ውስጥ ያለው ታርጌት እስካሁን የጥንቱን ይመስላል። ትንሽ የተንግስተን ቁራጭ ትልቅ የመዳብ ጉማጅ ውስጥ ተቀብራለች። ተንግስተኑ ሙቀቱን ይችላል፤ መዳቡ ደግሞ ከተንግስተን ከእጥፍ በላይ ሙቀት ያስተላልፋልና ወደ ኋላ ይስባል።

ቀጥሎ የመጣው ማዘንበል ነው። ታርጌቱን በ12 ዲግሪ ብታዘነብዪው፣ ኤሌክትሮኖቹ ወደ 5 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ላይ ያርፋሉ። ከታካሚው በኩል ሲታይ ግን 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ይመስላል። በነፃ የተገኘ አምስት እጥፍ ስፋት ነው። ዋጋውም አለው። ከአኖዱ (ታርጌቱ ካለበት ጫፍ) በኩል ያለው ጨረር ታርጌቱን እየሰነጠቀ መውጣት ስላለበት ይዳከማል። የሂል ኢፌክት የምትሉት እሱ ነው። የጀርባ ፎቶ ስታነሺ ወፍራሙን የአካል ክፍል ወደ ካቶዱ አድርጊ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ትልቁ እርምጃ ግን ማሽከርከር ነው። በ1929 የፊሊፕስ ኩባንያ መሐንዲስ አልበርት ቦወርስ ሮታሊክስ የተባለውን ባለ ተሽከርካሪ አኖድ ቱቦ አቀረበ። ለሐረር ሰው ይህን ለማስረዳት ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። ቡና ሲቆላ ብረት ምጣዱ ላይ ለምን ይታመሳል? ካልታመሰ ከሥር ያለው ያርራል፣ ከላይ ያለው ጥሬ ይቀራል። ፍሙ ያው ነው። ሙቀቱ ያው ነው። የሚለየው ተራ በተራ መቀበሉ ነው። ተሽከርካሪው አኖድም እንዲሁ ነው። ኤሌክትሮኑ የሚመታው ክብ 4 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ካለው፣ ዙሪያው 25 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ላይ ያርፍ የነበረው ሙቀት 250 ሚሊ ሜትር ላይ ይዘረጋል። በደቂቃ 3,000 ዙር የሚሽከረከር አኖድ በ0.1 ሰከንድ 5 ጊዜ ይዞራል። ባለ ከፍተኛ ፍጥነቶቹ 9,000 ዙርና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ።

የሚሽከረከረው የአኖድ ዲስክ ግን ቫኪዩም ውስጥ ነው ያለው። በአየር አይበርድም። ኩሽኔታው እንዳይቃጠል ሲባል በአንገቱ በኩልም ብዙ ሙቀት እንዲያልፍ አይፈለግም። ታዲያ በምን ይበርዳል? በማብራት። ግሎ ቀልቶ ሙቀቱን እንደ ፍም ይረጫል። እዚህ ላይ ተፈጥሮ ለኛ ታዳላለች። በኬልቪን ሲለካ ሙቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚረጨው ጉልበት 16 እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ከተንግስተኑ ሥር ያለው ሞሊብዲነም የተባለ ብረት ከጀርባው ግራፋይት የሚለጠፍበት። ግራፋይት ቀላል ነው፣ ጥቁር ነው፣ በክብደቱ ልክ ደግሞ ከተንግስተን አምስት እጥፍ በላይ ሙቀት ይይዛል። ጥቁርነቱም ለመርጨት ይመቻል።

አሁን ወደ ሬኒየም ልመለስ። ይህ ክፍል ልቤ ያለበት ነው።

ዕድሜውን የጨረሰ ቱቦ ሲገነጠል አይቼ፣ ዲስኩን በእጄ ይዤ አውቃለሁ። አንቺ ግን ይህን አትሞክሪው፤ ቫኪዩም ያለው መስታወት ይፈነዳል፣ አንዳንዱ ቱቦ ቤሪሊየም ከተባለ መርዛማ ብረት የተሠራ መስኮት አለው፣ ዘይቱም ጥሩ ነገር አይደለም። ዲስኩ ከሚገመተው በላይ ይከብዳል። መሐሉ ልስልስ ያለና ያብረቀርቃል። ጠርዙ ጋ፣ ኤሌክትሮኑ ሲመታው የኖረው ቀለበት ግን አመድ መስሏል። ጥፍሬን ሳሳልፍበት ቧጠጠኝ። ወደ ብርሃን አዙሬ ሳየው በጥቃቅን ስንጥቆች ተሞልቷል። ደቻቱ ወንዝ ላይ ጎርፍ ካለፈ በኋላ ደለሉ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ አይተሽ ታውቂያለሽ? እሱን በጉንዳን ዓይን ልክ አሳንሺው። የመስታወቱ የውስጥ ግድግዳ ደግሞ ቡናማ ሆኖ እንደ መስተዋት ያንጸባርቅ ነበር። ከክሩና ከታርጌቱ የተነነ ተንግስተን ነው የለበጠው።

እነዚያ ስንጥቆች የሚያደርጉትን ልብ በዪ። ኤሌክትሮኑ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ኤክስሬይ ይፈጥራል። ኤክስሬዩ ለመውጣት የጉድጓዱን ግድግዳ ማለፍ አለበት። ተንግስተን ደግሞ ኤክስሬይ በመዋጥ የሚታወቅ ብረት ነው። ስለዚህ እዚያው ተውጦ ይቀራል። በአንድ ዓይነት ኪሎቮልትና ሚሊአምፔር የምታነሺው ፎቶ ዓመት በዓመት እየሳሳ የሚመጣው አንድም ለዚህ ነው። አኖዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር አልተቀየረም። የተቀየረው ቆዳው ነው።

ሬኒየም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከተንግስተኑ ጋር ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲቀላቀል ብረቱ ይለሰልሳል። ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ሳይሰነጠቅ ይለጠጣል። ቆዳው ረጅም ጊዜ ለስላሳ ይቆያል። የዛሬዎቹ ጥሩ አኖዶች ላይ ኤሌክትሮኑ የሚመታው ሽፋን የተንግስተንና የሬኒየም ቅይጥ ነው፣ ከሥሩ ሞሊብዲነም፣ ከጀርባ ግራፋይት። እንግዲህ «የታርጌት ብቃት ማሻሻል» የሚባል ነገር ካለ፣ እኔ የማምነው ይህንን ነው። አዲስ ቱቦ ሲሸጥ የሚሰጠውን ጨረር ከአምስት ዓመት በኋላም እንዲሰጥ ማድረግ።

ይህ ደግሞ ከብረቱ ይልቅ ካንቺ ጋር ይገናኛል። አንድ ነገር ልንገርሽ። እዚሁ ከተማ ውስጥ በአንድ ጤና ተቋም ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያው ታካሚ ገባ። የወገብ የጎን ፎቶ ታዘዘለት። ከሁሉም ብዙ ጨረር ከሚፈልጉት አንዱ ነው። ማሽኑ ከቅዳሜ ጀምሮ ጠፍቶ ያደረ ነበር። ማሟሟቂያ ሳይደረግለት በሙሉ ኃይል ተነሳ። ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ አኖዱን የሚያሽከረክረው ሮተር እንደ ተናጋ ወፍጮ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስጠራ መጣሁ። ዲስኩ ከመሐል እስከ ጠርዝ ተሰንጥቆ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለወራት በሽተኛ ሁሉ የደንገጎን ዳገት አልፎ ወደ እናንተ ሐረር ይላክ ነበር። እግሩ የተሰበረ ሰው በሚኒባስ በዚያ ጠመዝማዛ ሲወጣ አስቢው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እኔም ጥገና በሄድኩ ቁጥር ስለማሟሟቂያው ደጋግሜ መናገርና ግድግዳ ላይ ማስለጠፍ ነበረብኝ።

ባለሙያውን ስጠይቀው የሰጠኝ መልስ ግን ከሁሉም በላይ ከአእምሮዬ አልጠፋም። «ድሬ እኮ ሙቅ ናት አቦ፣ ማሟሟቅ የሐረርና የአዲስ አበባ ነገር ነው» አለኝ። ይህን ከሌሎችም ሰምቻለሁ። ፍጹም ስህተት ነው። ተንግስተን በክፍል ሙቀት እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው። መለጠጥ የሚጀምረው በመቶዎች ዲግሪ ሲሞቅ ነው። ለሱ የድሬ 35 ዲግሪም የሐረር 15 ዲግሪም ያው ብርድ ነው። ጠርዙ በአንድ ቅጽበት ከ2,000 ዲግሪ በላይ ሲወጣ መሐሉ ገና ብርድ ከሆነ፣ ጠርዙ ይለጠጣል፣ መሐሉ እንቢ ይላል፤ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ ከረጅም ዕረፍት በኋላም፣ በማኑዋሉ እንደተጻፈው በዝቅተኛ ኃይል ጥቂት ጊዜ ተኩሺ። ኮሊሜተሩ (የጨረሩ መውጫ መዝጊያ) ተዘግቶ፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው ሳይኖር። ማኑዋሉ ከጠፋ የቱቦውን ሞዴል ይዘሽ አምራቹ ወይም ወኪሉ እንዲልክልሽ ጠይቂ። ከጎረቤት ሆስፒታል ገልብጠሽ አትሥሪ፤ ቱቦ ከቱቦ ይለያል።

የድሬ ሙቀት ጨርሶ ምንም አያመጣም ማለቴ ግን አይደለም። የሚያመጣው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ በውጭው ቆርቆሮና በዘይቱ። ዲስኩ የረጨውን ሙቀት ዘይቱ ይቀበላል፣ ዘይቱ ለቆርቆሮው ይሰጣል፣ ቆርቆሮው ለክፍሉ አየር። ቆርቆሮው 70 ዲግሪ ደርሶ ክፍሉ 24 ከሆነ ልዩነቱ 46 ነው። ክፍሉ 36 ከሆነ 34 ይሆናል። የማቀዝቀዝ አቅምሽ ሩብ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። እናንተ ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ግድም ላይ ስለሆናችሁ በዚህ በኩል ዕድለኞች ናችሁ። እኛ ግን በሰኔ ቀትር ላይ ወረፋው ሲረዝም ክፍሉን ማቀዝቀዝ ለታካሚውም ለቱቦውም ነው። ኤሲ የለም ከተባለ በፎቶና በፎቶ መሀል ያለውን ጊዜ ማስረዘም ነው ያለው አማራጭ። መብራት ከሄደም የቱቦው ፋን ወይም ፓምፕ አብሮ እንደሚቆም አትርሺ። ሲመለስ ወዲያው ወደ ከባድ ፎቶ አትግቢ።

አሁን በጣትሽ ወዳለው ነገር እንምጣ። ከላይ ያለውን ስሌት ታስታውሺያለሽ? ብረቱን መቀየር አልቻልንም። ኪሎቮልቱን ግን መቀየር ትችያለሽ። ቮልቴጁ ሲጨምር ብቃቱም አብሮ ይጨምራል፤ የሚወጣው ኤክስሬይ ደግሞ በቮልቴጁ ካሬ ያድጋል። ከዚያም በላይ ጨረሩ ሰውነትን ሰንጥቆ የማለፍ አቅሙ ይበረታል። ኪሎቮልቱን 15 በመቶ ከፍ አድርጎ ኤምኤኤሱን (ሚሊአምፔሩ በሰከንዱ ሲባዛ የሚመጣውን) በግማሽ መቀነስ የሚባለውን ሕግ ተምረሻል። በሙቀት እናስላው። 70 ኪሎቮልት በ20 ኤምኤኤስ 1,400 ጁል ነው። 80 ኪሎቮልት በ10 ኤምኤኤስ 800 ጁል ነው። ካሴቱ ላይ የሚደርሰው ተቀራራቢ ነው። አኖድሽ ላይ ያረፈው ሙቀት ግን ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የታካሚው የቆዳ ጨረርም ይቀንሳል። በየትኛውም ታርጌት ላይ እንዲህ ያለ ትርፍ አታገኚም።

ይህ ለሁሉም ፎቶ አይሆንም። ለደረት ጥሩ ነው፤ ግሪድ (የተበተነ ጨረር የሚያስቀር ወንፊት) ካለሽ 110 እና ከዚያ በላይ መሄድ የተለመደ ነው። ለእጅና ለእግር አጥንት ግን ኮንትራስቱ ይጠፋብሻል። ሐኪሙ ማየት ያልቻለው ፎቶ ይደገማል፣ የተደገመ ፎቶ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ብክነት ነው። ስለዚህ ከሐኪሞቹ ጋር ተነጋግረሽ፣ አንድ በአንድ እየሞከርሽ ቻርትሽን አስተካክዪ።

ሌላው ቁልፉ ነው። ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያውን ስትጫኚ ሮተሩ ይነሳል፣ ክሩም ወደ ሙሉ ግለቱ ይወጣል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ጣቱን አስቀምጦ «ትንፋሽ ያዝ፣ አይዞህ፣ አትንቀሳቀስ» እያለ ይቆያል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ክሩ እየተነነ ነው። ኩሽኔታውም ይበላል። የተነነው ተንግስተን ነው ቅድም የነገርኩሽን መስታወት ቡናማ የሚያደርገው። መስታወቱ ሲለበጥ ደግሞ ቫኪዩም ውስጥ ብልጭታ ይመጣል፣ ጄነሬተሩ ይቆርጣል። ታካሚውን አስቀድመሽ አስተካክዪ፣ ትንፋሹን አለማምጂው፣ ከዚያ ጣትሽን አሳርፊና ሮተሩ እንደደረሰ ወዲያው ጨርሺ።

ስለ አዲሶቹ ታርጌቶችም ጠይቀሽኛል ብዬ ልቁጠረውና በአጭሩ ልበል። ለሲቲ ማሽን ሲመንስ በ2003 ስትራቶን የሚባል ቱቦ አወጣ። አኖዱ ራሱ የቱቦው ግድግዳ አካል ሆኖ ከጀርባው ዘይት በቀጥታ ያቀዘቅዘዋል፤ ግራፋይት ሙቀት አከማችቶ እስኪረጭ መጠበቅ ቀረ። ፊሊፕስ በ1980ዎቹ መጨረሻ ኩሽኔታውን በፈሳሽ ብረት ተካው፤ በሱ በኩል ሙቀት ማለፍ ቻለ። ከሁሉም የሚገርመው ስዊድን ውስጥ የተሠራው ነው። «የሚያስፈራን መቅለጥ ከሆነ አስቀድሞ የቀለጠ ታርጌት ለምን አንጠቀምም?» ብለው ጋሊየም ያለበትን ፈሳሽ ብረት እንደ ቀጭን ክር በቫኪዩም ውስጥ ያስፈነጥሩታል። ኤሌክትሮኑ ያንን ክር ይመታል። የተመታው ሄዷል፣ ሌላ መጥቷል። የሚጠቅመው ለምርምር ነው፤ ለደረት ፎቶ የሚመጣ አይመስለኝም። ልብ በዪ፣ እነዚህም ሁሉ የሠሩት ሙቀቱ ላይ ነው። ያቺን 0.6 በመቶ የነካ የለም። እሷ የምትቀየረው ለካንሰር ሕክምና በሚሊዮን ቮልት ወደሚሠሩት ማሽኖች ስትሄጂ ነው። እዚያ ኤሌክትሮኑ በጣም ፈጣን ስለሆነ ያ ቀላል ስሌት አይሠራም፤ ብቃቱም ከ10 በመቶ አልፎ ይሄዳል። በዚያ ጨረር ግን የአጥንት ፎቶ አታነሺም፤ ሁሉንም እኩል ሰንጥቆት ያልፋል።

ማሞግራፊ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሞሊብዲነም ታርጌት አቶሚክ ቁጥሩ 42 ብቻ ነው። በብቃት ከተንግስተን ያንሳል። ሆኖም ለጡት ሥጋ የሚስማማውን፣ 17.5 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት አካባቢ ያለውን ጨረር ስለሚሰጥ ብዙ ዓመት ተመርጦ ኖሯል። ብዙ ጨረር ሁሌ የተሻለ ጨረር እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ለጊዜው ከአንቺ የምፈልገው ይህን ነው። የቱቦሽን ቆርቆሮ ላይ ያለውን ሞዴልና የአኖድ ማቀዝቀዣ ቻርቱን በፎቶ ላኪልኝ። በቀን ስንት ሰው እንደምታነሱ፣ በብዛት የትኛውን ፎቶ እንደምትሠሩም ጻፊልኝ። ማሟሟቂያውንና የኪሎቮልት ቻርቱን አብረን እናወጣዋለን። እስከዚያው ግን ሮተሩን አድምጪው። ማሽንሽ ብሬክ ከሌለው ከተኩስ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደሚዞር ሰዓት ይዘሽ በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ደብተር ላይ ጻፊ። ሰከንዱ በየሳምንቱ እያጠረ ከመጣ፣ ወይም ድምፁ ከማፏጨት ወደ መፍጨት ከተለወጠ፣ ኩሽኔታው ሊይዝ ነውና ሳይቆም በፊት ደውዪልኝ። ያኔ ቢያንስ ቱቦው ሳይሞት ማዘዝ እንችላለን።